ውርጭ ያላራገፈው ቅጠል

ከዋሽንግተን ዲሲ መሐል ከተማ በባቡር ወደ ሰሜን ሲወጣ፣ የዲሲ ወሰን እንዳለቀ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትባል ከተማ ትገኛለች። ግዛቷ ሜሪላንድ ነው። ወገኖቻችን በብዛት ስለሚኖሩባት በዋና መንገዷ የሚሄድ ሰው በአማርኛ የተጻፈ የምግብ ቤት፣ የባልትና ሱቅና የፀጉር ቤት ማስታወቂያ እያነበበ ያልፋል። ስለ ክትፎውና ስለ ቡናው ብዙ ስለተባለ እኔ አልደግመውም። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ ግቢዎቿ ነው፤ በተለይም በግቢዎቿ ውስጥ ስለሚበቅል ማግኖሊያ ስለሚባል ዛፍ።

ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ሰኔ አጋማሽ ታላቅ እህቴ ዘንድ ነበርኩ። የእኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ ቢበዛበትም አረንጓዴ ነው። የእነሱ ክረምት ግን ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ድረስ የሚዘልቅ ብርድ ነው። ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን አራግፎ ዕራቁቱን ይቆማል፤ ሣሩ ገርጥቶ መሬት ላይ ይለጠፋል፤ ሰማዩም እንደ አመድ ይሆናል። ለእኛ ዓይን ሀገሩ በሙሉ የደረቀ ይመስላል። በመጀመሪያው ሳምንት በሰፈሩ ውስጥ ስንሸራሸር በአንድ አሮጌ ቤት ደጃፍ ላይ ከጣሪያው የበለጠ ቁመት ያለው፣ ከላይ እስከ ታች ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ዛፍ አየሁ። ቅርንጫፎቹ በረዶ ተሸክመዋል፤ ቅጠሎቹ ግን ዘይት የተቀቡ ይመስል ያብረቀርቃሉ። ጥድ መስሎኝ ቀረብኩ። ጥድ አይደለም። ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ የአቮካዶን ቅጠል ይመስላል፣ ነገር ግን ይበልጥ የወፈረና እንደ ቆዳ የጠነከረ ነው። ስገለብጠው ከሥሩ ቡናማ፣ እንደ ከፋይ ለስላሳ ሆኖ አገኘሁት።

ማግኖሊያ ብዙ ዓይነት አለው። ብዙዎቹ እንደ ሌላው ዛፍ ቅጠላቸውን ያራግፉና በመጋቢት ቅጠል ሳያወጡ በዕራቁት ቅርንጫፍ ላይ ሮዝ ወይም ነጭ አበባ ያፈነዳሉ። ያየሁት ግን ዓመቱን ሙሉ ለምለም የሆነው ትልቁ የደቡብ ማግኖሊያ ነው። የትውልድ አገሩ ሞቃታማው የአሜሪካ ደቡብ ነው፤ ከሰሜን ካሮላይና ተነስቶ እስከ ፍሎሪዳና ቴክሳስ ባለው ዝቅተኛ ምድር በዱር ይበቅላል። እዚያ እስከ 27 ሜትር ድረስ ሊረዝም ይችላል። ሚሲሲፒና ሉዊዚያና የግዛታቸው አበባ አድርገውታል። ማግኖሊያ የሚለው ስም የተወሰደው ከፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ከፒየር ማኞል ነው። የዛፉ ወገን ግን ከሊቁም ከእኛም እጅግ የቀደመ ነው። ንቦች በምድር ላይ ከመብዛታቸው በፊት የነበረ ዘር በመሆኑ አበባውን በዋናነት የሚያዳቅሉለት ጥንዚዛዎች ናቸው።

እንግዲህ የሞቃት አገር ዛፍ ከሆነ በሜሪላንድ በረዶ ውስጥ ምን ያደርጋል? የታሪኩ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው።

አሜሪካኖች አገራቸውን በዓመቱ እጅግ ቀዝቃዛ ሌሊት ልክ በዞን ከፋፍለውታል። የመንግሥት የግብርና መሥሪያ ቤት ካርታውን ያወጣል፤ ችግኝ ሻጩም ገዢውም በእሱ ይተዳደራሉ። ዞን 7 ማለት በአማካይ የዓመቱ ዝቅተኛ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች ከ12 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚደርስበት ቦታ ነው። ዞን 6 ደግሞ ከዜሮ በታች እስከ 23 ይወርዳል። ተራው የደቡብ ማግኖሊያ ዞን 7ን ይችላል፤ ከዚያ በላይ ሲበረታበት ይጎዳል። ስለዚህ አትክልተኞች ባለፉት መቶ ዓመታት ብርድ የሚችሉትን እየለዩ አራብተዋል። ከታወቁት አንዱ ኢዲት ቦግ ይባላል። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከፍሎሪዳ ወደ ኒው ጀርሲ፣ ሞንትክሌር ለምትኖር ኢዲት ቦግ ለተባለች ሴት ተልኮላት በግቢዋ ከብርዱ ጋር ታግሎ ያደገው ዛፍ ነው ለዝርያው ስሙን የሰጠው። ሌላው ብራከንስ ብራውን ቢዩቲ ነው፤ ቅጠሉ አነስ ያለ፣ የሥረኛው ገጹ ቡናማነት የጎላ ነው። ሊትል ጄም የሚባለው ደግሞ ቁመቱ ስድስት ሜትር አካባቢ ላይ ስለሚቆም ለጠባብ ግቢ ይወደዳል፤ ብርድ በመቻል ግን ከሁለቱ ያንሳል።

የእህቴ ልጅ ከመምጣቴ በፊት በጥቅምት ወር አንድ ኢዲት ቦግ ገዝታ በእናቷ ጓሮ ተክላ ነበር። ቁመቱ ከእኔ ትከሻ አያልፍም። እህቴ ነገሩን አልወደደችውም። አሜሪካ ከገባች ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ባለቤቷ ካረፈ ደግሞ ሦስት ዓመቷ ነው። ከእነ ባለቤቷ በዚህ ሁሉ ዘመን በግቢያቸው የተከሉት ጎመን፣ ቃሪያ፣ በሶብላና ጤና አዳም ብቻ ነው። በሰኔ ይተከላል፣ በጥቅምት ይለቀማል፣ በቃ። «ዛፍ ምን ያደርግልኛል? እኔ ሀገሬ ገቢ ነኝ» ትላለች። ይህንን ቃል ስትናገር የሰማኋት በስልክ ሳይቀር ከሃያ ዓመት በላይ ነው። ልጅቷ ግን እዚያ የተወለደች ናት፤ መግባት የሚለው ቃል ለእሷ ሥራ ውሎ ቤት መግባት ነው።

በጥር አጋማሽ ብርዱ በረታ። አንድ ሌሊት ከዜሮ በታች 12 ደረሰ፤ ከዚያ ለብዙ ቀን ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣ ነፋስ ሳያቋርጥ ነፈሰ። በየካቲት መጀመሪያ የትንሹ ዛፍ ቅጠሎች ከጫፋቸው ጀምሮ እንደ ተቆላ ቡና ጠቆሩ። በነፋሱ በኩል ያለው ግማሽ ጎኑ በሙሉ ቡናማ ሆነ። ልጅቷ «አክስቴ፣ ሞቷል፤ ነቅዬ ብመልሰው ገንዘቤን ይመልሱልኝ ይሆን?» አለችኝ። እህቴም ከመስኮቱ ሆና ዝም ብላ አየችው። ዝምታዋ ግን «ብያችሁ ነበር» የሚል ዓይነት አልነበረም። ያዘነች ይመስላል።

እኔ ስለ ማግኖሊያ የተማርኩት ነገር አልነበረም። የተማርኩት ነርስነት ነው፤ የሠራሁትም ከሠላሳ ዓመት በላይ፣ አብዛኛውን በሕፃናት ክፍል ነው። በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀበት ሕፃን ሲመጣ መጀመሪያ የምናደርገው የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጎ መልቀቅ ነው። ቶሎ ከተመለሰ ደህና፤ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ፈሳሹ አልቋል ማለት ነው። ስለ ዛፉ የጠየቅኋቸው ጎረቤት፣ የአሮጌው ቤት ባለቤት የሆኑ ሽማግሌ፣ ያሳዩኝ ነገር ከዚህ ብዙ አይለይም። በአውራ ጣት ጥፍር የቀንበጡን ቅርፊት ትንሽ ይፋቃል። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕይወት አለ፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ያ ቀንበጥ ሞቷል። ከጫፍ ጀምሮ ወደ ግንዱ እየወረዱ መፈተሽ ነው። እኛ ስንፍቀው ሁለት ቀጫጭን ጫፎች ደርቀዋል፤ የቀረው በሙሉ እንደ ጨቅላ ሣር አረንጓዴ ነው።

ታዲያ ቅጠሉን ያቃጠለው ምንድን ነው? ሰው ሁሉ ብርዱ ነው ይላል። ሽማግሌው ግን ጥማት ነው አሉኝ፤ ሲያስረዱኝ ወዲያው ገባኝ። ቅጠሉን ያራገፈ ዛፍ በክረምት ተኝቷል፤ ውሃ አያወጣም፣ ውሃም ብዙ አይሻም። ዓመቱን ሙሉ ቅጠል የሚይዝ ዛፍ ግን አይተኛም። ፀሐይ ስትወጣና ነፋስ ሲነፍስ በቅጠሉ ውሃ ይተነፍሳል። በዚያው ሰዓት መሬቱ ከበረደ ሥሩ መጠጣት አይችልም። ከላይ ይወጣል፣ ከታች አይገባም። ይህ የሕፃናት ክፍል ታሪክ ነው። እዚህ ሀገር ለምለም በሚል ስም የምናውቀውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በማንኪያ እየሰጠን ያተረፍናቸው ልጆች ችግርም ይኸው ነበር፤ የወጣው ካልተተካ አካል ይጠወልጋል። አዲስ የተተከለ ዛፍ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ሥሩ ገና ከማሰሮው ቅርጽ አልወጣም፣ የሚጠጣውም ከዚያች ጠባብ አፈር ብቻ ነው።

ስለዚህ ብርድ የሚችል ዝርያ መግዛት የሥራው ግማሽ እንኳ አይደለም። ዋናው ቦታው ነው። ማግኖሊያን በዚያ አካባቢ የሚተክል ሰው መጀመሪያ የነፋሱን መንገድ ማወቅ አለበት። ከሰሜንና ከምዕራብ የሚመጣውን ነፋስ ቤት፣ አጥር ወይም ጥድ የሚጋርድለት ቦታ ይመረጣል። በክረምት ጠዋት ፀሐይ በቀጥታ የምትመታውም ቦታ አይስማማውም፤ በረዶ ያደረ ቅጠል በድንገት ሲሞቅ ይቃጠላል። የሚተከልበትም ጊዜ ጸደይ ቢሆን ይመረጣል፤ ብርዱ ሳይመጣ ሥሩ በቂ ጊዜ አግኝቶ እንዲሰራጭ። ልጅቷ የተከለችው በመኸር መጨረሻ፣ በጓሮው ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ ከወጥ ቤቱ መስኮት በደንብ የሚታይበት ቦታ ነው። እናቷ እንድታየው ብላ ነበር።

በክረምት መንቀል አይቻልም። ስለዚህ ባለበት ማስታመም ነበረብን። ሽማግሌው ከነፋሱ በኩል መጋረጃ አድርጉለት ብለው የነገሩን ጨርቅ ምን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? ጆንያ! እነሱ ለዚሁ ሥራ ብለው በሱቅ ይሸጡታል። እህቴ ቡና ከሚቆላ አንድ ያገራችን ሰው ሁለት ባዶ የቡና ጆንያ ለምና አመጣች። ሦስት እንጨት በነፋሱ በኩል ተክለን ጆንያውን ወጠርንበት። ዛፉን ራሱን አልጠቀለልነውም፤ አየር ማግኘት አለበት፣ ጨርቁም ቅጠሉን መንካት የለበትም። ከግንዱ ዙሪያ የደረቀ ቅጠልና የእንጨት ፍቅፋቂ ከአምስት እስከ ስምንት ሴንቲሜትር ውፍረት አለበስነው፤ ግንዱን እንዳይነካ አንድ እጅ ያህል አራቅነው፤ አለበለዚያ ቅርፊቱ ይበሰብሳል። ቀኑ ሞቅ ብሎ መሬቱ በቀለጠ ቁጥር በባልዲ ውሃ ቀስ አድርገን አጠጣነው። በረዶ ሲጭንበት ከላይ አንመታም፤ ከሥር በእጅ ቀስ ብለን ወደ ላይ እናነሳዋለን፤ የበረደ ቅርንጫፍ እንደ ሸንበቆ ቀጭ ይላልና። ያልተነካው አንድ ነገር የጠቆሩት ቅጠሎች ናቸው። ልጅቷ ልትቆርጣቸው መቀስ ይዛ ወጥታ ነበር፤ ሽማግሌው ከአጥር ማዶ «እስከ ግንቦት ተዪው» አሏት። የትኛው ጫፍ እንደሚያቆጠቁጥ የሚታወቀው በዚያን ጊዜ ነው።

በመጠበቁ ወራት ማግኖሊያ ፍለጋ ከተማውን ዞርኩ። በዋሽንግተን ሰሜን ምሥራቅ ያለው ብሔራዊ የዕፅዋት ማዕከል በ1927 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ 180 ሄክታር ያህል ነው፤ መግቢያው በነፃ ነው። የማግኖሊያው ስብስብ ብቻውን ግማሽ ቀን ያስውላል። በመጋቢት የሄድን ጊዜ ቅጠል የሚያራግፉት ዓይነቶች አብበው ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ውርጭ መታቸውና አበባው በሙሉ እንደ ሻይ ቅጠል ቡናማ ሆነ። ለምለሙ የደቡብ ማግኖሊያ ግን የሚያብበው በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ስለሆነ ይህ አያገኘውም። በዚሁ ማዕከል ውስጥ የድስት ዛፎች የሚታዩበት ቤት አለ። እዚያ ከ1625 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በድስት ውስጥ የተያዘ አንድ የጃፓን ጥድ ይታያል። በ1945 በሂሮሺማ ቦምቡ ሲወድቅ በባለቤቶቹ አጥር ግቢ ውስጥ ነበር፤ ተርፎም በ1976 ለአሜሪካ በስጦታ ተሰጠ። እህቴ ከፊቱ ረጅም ጊዜ ቆመች። «የሚያጠጣው ሰው ስንት ጊዜ ተለዋውጦ ይሆን?» አለች።

በዋሽንግተን ስለ ማግኖሊያ ሲወራ የኋይት ሐውሱ ሳይነሳ አይቀርም። ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ሥልጣን ሊይዙ ሲቃረቡ ባለቤታቸው ራሔል አረፉ፤ በቴነሲ ከነበረው ቤታቸው እሷ የምትወደውን የማግኖሊያ ዘር አምጥተው ለመታሰቢያዋ ተከሉ ይባላል። ዛፉ በሃያ ዶላር ኖት ጀርባ ላይ ለብዙ ዘመን ይታይ ነበር። በ1994 (እ.ኤ.አ.) ትንሽ አውሮፕላን ግቢው ውስጥ ሲወድቅ መትቶታል። በኋላ አርጅቶ ውስጡ ሲበሰብስ በብረት ምሰሶና በገመድ ተደግፎ ቆየ። በመጨረሻ በ2025 (እ.ኤ.አ.) ጸደይ ተቆረጠና በምትኩ ከዚያው ዛፍ ዘር የተገኘ ሌላ ማግኖሊያ ተተከለ። ሐዘንተኛ ባል የተከለው ዛፍ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ኖረ ማለት ነው። ይህንን ታሪክ እህቴ ራሷ ናት ያጫወተችኝ፤ ከእነ ባለቤቷ ስም።

በሚያዝያ ሦስተኛ ሳምንት ላይ በደረቁት ቅጠሎች መሐል፣ በቀንበጡ ጫፍ፣ እንደ ሻማ ነበልባል የሾለ ቡቃያ ታየ። ሱፍ የመሰለ ቡናማ ልብስ ለብሷል። በሳምንቱ ተከፈተና አዲስ ቅጠል ወጣ፤ ቀለሙ እንደ ገና ያልበሰለ ሎሚ ቅጠል ስስ አረንጓዴ ነው። ከዚያ በነፋሱ በኩል ሳይቀር ሰባት ስምንት ቦታ አቆጠቆጠ። በአማርኛችን ችግኝ ሥር ሲይዝ ጸደቀ እንላለን። ቃሉን ለልጅቷ ስነግራት ጻድቃን ከሚለው ጋር አንድ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎን፣ አንድ ነው። ስቃ በስልኳ ላይ ጻፈችው።

በግንቦት መጀመሪያ ደግሞ ሌላ ድንጋጤ መጣ። ከክረምቱ ደህና የተረፉት አሮጌ ቅጠሎች ቢጫ እየሆኑ መርገፍ ጀመሩ። ይህ ግን በሽታ አይደለም። ለምለም የሚባለው ዛፍም ቅጠል ይቀይራል፤ አዲሱ ሲወጣ አሮጌው ይለቃል፤ አንድ ላይ ስለማያራግፍ ብቻ ነው ሁልጊዜ አረንጓዴ የሚመስለን። የወደቀው ቅጠል ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ አይበሰብስም። ትልቅ ዛፍ ያላቸው ሰዎች ታዲያ የታችኛዎቹን ቅርንጫፎች ሳይቆርጡ እስከ መሬት እንዲወርዱ ይተዋሉ፤ ቅጠሉ ከሥራቸው ይከማችና ጠረጋው ይቀራል፣ ሥሩም ይሸፈናል። የማግኖሊያ ሥር ከመሬት ገጽ ብዙም የማይርቅ ስለሆነ ዙሪያውን መቆፈርና ሌላ ተክል መትከል አይወድም።

የእኛው ዛፍ ዘንድሮ አላበበም። ከፍሬ የተዘራ ከአሥር ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ከቅርንጫፍ የተራባ እንደ ኢዲት ቦግ ያለው ግን ሥሩ ከተደላደለ በጥቂት ዓመት ያብባል። ሽማግሌው ግን በሰኔ መጀመሪያ ከራሳቸው ዛፍ አንድ አበባ ከነቅጠሉ ቆርጠው ሰጡን። ነጭ ነው፤ ስፋቱ የወጥ ሰሃን ያህላል። ሽታው የሎሚ ልጣጭና የማር ድብልቅ ይመስላል። ጣት ሲነካው ወዲያው ይጠቁራልና በቅጠሉ ነበር የሚያዝ። እህቴ ቡና ስታፈላ በውሃ አድርጋ ከረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠችው። ዕጣኑን አላጨሰችም፤ አላስፈለገም። በማግሥቱ ደረቀ። በመኸር ከአበባው ቦታ ትንሽ ቁንጮ የመሰለ ፍሬ ይወጣና እንደ በርበሬ ፍሬ የቀሉ ዘሮች በቀጭን ክር ይንጠለጠሉበታል፤ ወፎች ይለቅሙታል ብለውናል።

እዚያ ያላችሁ ወይም ዘመድ ያላችሁ እንድትጠቀሙበት ሽማግሌው የነገሩንን በአጭሩ ላስቀምጥ። ጉድጓዱ ከሥሩ ሁለት ሦስት እጅ ሰፍቶ ጥልቀቱ ግን ከማሰሮው አይበልጥም፤ ግንዱ ወደ ሥር የሚሰፋበት ቦታ ከአፈሩ በላይ መታየት አለበት። በማሰሮው ውስጥ የተጠማዘዘ ሥር በእጅ ይፈታል። አፈሩ ትንሽ ኮምጣጣ፣ ውሃ የማይቋጥር ቢሆን ይስማማዋል። ትልልቆቹ ዝርያዎች ከቤት ቢያንስ ስድስት ሜትር ይራቁ። ከሁሉም በላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት በጋዎች ዝናብ በጠፋበት ሳምንት ሁሉ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ያስፈልጋል፤ መሬቱ ከመቀዝቀዙ በፊትም አንድ ጊዜ በደንብ ማጥገብ። ዛፉን ወደ ሌላ ጥግ እናዛውር ወይ ብለን ጠይቀን ነበር። «አሁን ሥር እየያዘ ነው፣ አትንኩት፤ ጋርዱት» አሉን።

ከመመለሴ በፊት ይህን ሁሉ በወር በወር ከፍዬ በትልቅ ወረቀት ላይ ጻፍኩና ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት፤ ክፍላችን ውስጥ የመድኃኒት ሰዓት እንደምንለጥፈው። ልጅቷ በሥራ ስለምትውል ማን እንደሚያጠጣው አልተነጋገርንም ነበር። እህቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። በሐምሌና በነሐሴ ፊት ለፊት የራሷን ስም ጻፈች። ከዚያ እኔ ባዶ የተውኩትን ኅዳርን አየችና እስክሪብቶውን ሳታስቀምጥ «ጆንያ፣ አዲስ፣ ሦስት» ብላ ጨመረችበት።